አስፋልቱ ካኮ ሲደርስ

ከቀይ አፈር ተነስቶ ጂንካ የሚገባው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካኮ በዚሁ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የበናም የአሪም ሰው ይገበያይባታል። ከደጋው ቆጮ፣ ቡናና ሽንኩርት ይወርዳል፤ ከቆላው ማር፣ ፍየልና ማሽላ ይወጣል። በገበያ ቀን ከየአቅጣጫው በቀጭን የእግር መንገድ የመጣው ሕዝብ ሁሉ መጨረሻ የሚገናኘው አስፋልቱ ላይ ነው። ሴቶች ቅልና ጆንያ ተሸክመው፣ ወንዶች ቦርኮቶ የተባለውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫቸውን አንጠልጥለው፣ ልጆች ፍየል እየነዱ፣ አንዳንዱ ብስክሌቱ ላይ ጀሪካን አስሮ፣ ሌላው በአንድ ሞተር ከሁለት ሰው ጋር ተፈናጦ በዚያው ጥቁር መስመር ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ ከኮንሶና ከአርባ ምንጭ የተነሳው አይሱዙ፣ ሚኒባሱና ቱሪስት የጫነው ላንድክሩዘር ይደርስበታል።

ያ መኪና ካኮን በስንት ፍጥነት ይለፋት? ጥያቄው ለአንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ የቀረበ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የአገራችን አውራ ጎዳናዎች ሁሉ በእንዲህ ያሉ ከተሞች መሐል ነው የሚያልፉት። መልሱን ለማግኘት መንገዶቻችን እንዴት እንደተሠሩ፣ ሲሠሩም ማን እንደታሰበና ማን እንደተረሳ ወደኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሳት። የመጣችበት ጎዳና የበቅሎ፣ የግመልና የእግረኛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ተደነቁባት እንጂ ያን ጊዜ መንገዱን ለሷ የለቀቀ ሰው አልነበረም። ካኮ ባለችበት በደቡብ ኦሞ በኩልማ መንገድ ማለት ከባኮ ከፍታ ወደ ቆላው የሚወርድ የእግር ዱካ ነበር፤ ያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ቆየ።

መንገዱን ለመኪና ያደላደለው የጣሊያን ወረራ ነው። በአምስቱ ዓመት ከምጽዋና ከአሰብ ወደ መሐል አገር፣ ከአዲስ አበባም ወደየአቅጣጫው ጥርጊያና አስፋልት ተዘረጋ፤ የጣርማ በር ዋሻ ተበሳ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የጦር ካሚዮን በፍጥነት እንዲያልፍ ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ጣሊያን ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱ ጋር ያ አስተሳሰብም አብሮ ቀረ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ የሚሆን 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ሥራ ስኬት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሆነ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ከ100,000 በላይ አለፈ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ወላዷን ሆስፒታል አድርሷል፣ የገበሬውን ምርት ገበያ አውጥቷል፣ እኔም የማደንቀው ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ውስጥ ለብስክሌት ተብሎ የተለየው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ለረጅም ጊዜ አልተገኘም።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በጎረቤታችን ኤርትራ አገሩን የሚያዞር የብስክሌት ውድድር በ1938 ዓ.ም. ተካሂዷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋና እና ፀሐይ ባህታ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ያደጉበት የልምምድ ሜዳ ሌላ ሳይሆን ከባድ መኪና የሚጋፋበት አውራ ጎዳና ነው። አንድ የብስክሌት ተወዳዳሪ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ሲለማመድ ስንት ጊዜ ጡሩምባ እንደሚነፋበት መገመት አያቅትም።

ስፖርቱን ትተን ብስክሌት የዕለት ኑሮ የሆነበትን ቦታ ካነሳን ባሕር ዳርን የሚያህል የለም። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች የነደፉት ፕላንም ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ሰጣት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ሠራተኛው በብስክሌት ይገባና ይወጣ ጀመር። ከዚያ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የምትነዳው ሴት ተከተሉ። በየጥጉ ጥላ ሥር ካቴና የሚያስር፣ ቸርኬ የሚያቀና፣ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ ይቀመጥ ነበር፤ አሁንም ጥቂት ይገኛል። የዚያች ከተማ ብስክሌተኛ የተለየ መስመር አልነበረውም። ያዳነው ነገር ብዛቱና የመኪናው ዝግታ ነው። አንድ ሾፌር በአንድ ጊዜ 20 ብስክሌት ፊቱ ካየ ወዶም ሳይወድም ፍሬን ይይዛል።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጁ ለብዙ ወጣት እንጀራ ስለሆነ ክፉ ቃል አልናገርበትም። ቢሆንም በአሥርና አሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የመንገዱን ዳር፣ ማለትም ብስክሌተኛው የሚጠለልበትን ያንን አንድ ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ ወሰደው። ድንገት ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ድንገት ዞሮ ይነሳል። ወላጅ ልጁን በብስክሌት ትምህርት ቤት መላክ ፈራ። ብስክሌተኛው ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ለአደጋ ተጋለጠ፤ የቀረው ሲጋለጥ እሱም ወረደ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዞ መምጣቱ በዚህ ምክንያት ለኔ ከግዝፈቱ በላይ ደስ ያሰኘኛል። ባሕር ዳር በልማድ የነበራትን ነገር በኮንክሪት ጽፎ መለሰላት፤ ድልድዩ ሲያልቅ መስመሩ እንዳይቋረጥ ማድረግ ግን የከተማዋ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ኔዘርላንድስን ማንሳት ግድ ይላል። ብዙ ሰው ሆላንዶች ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት የተመቻቸው ይመስለዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም መንገዳቸውን ለመኪና አስረክበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ መንገድ ላይ ተኙ፣ ከተሞችን አንቀሳቀሱ። የብስክሌት መስመሩም፣ የሰፈር ውስጥ የ30 ኪሎ ሜትር ወሰኑም የመጣው ከዚያ ትግል በኋላ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በመንገድ ላይ ሞት የሚባል ነገር ተቀባይነት የለውም የሚል መርህ በፓርላማ አጸደቀች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የዓለም አገሮች ስቶክሆልም ላይ ተሰብስበው፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ የፍጥነቱ ጣሪያ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማሙ። በቅርባችን ሩዋንዳ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖቿን ከ60 በላይ እንዳይሄዱ በፍጥነት መገደቢያ መሣሪያ አሰረቻቸው። ሩዋንዳ የእኛን ያህል ድሃ፣ የእኛን ያህል ተራራማ አገር ናት፤ ገበሬዋ ዛሬም ሙዙንና ድንቹን በብስክሌት ጭኖ ነው ገበያ የሚወጣው።

ወደ እኛ ሕግ እንመለስ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ለፍጥነት ወሰን አውጥቶ ነበር። በከተማ ክልል ውስጥ ለአነስተኛ መኪናና ለሞተር 60፣ ለመካከለኛ ጭነት 40፣ ከ7,500 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ ከባድ መኪና 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። ከከተማ ውጭ አነስተኛው መኪና እንደ መንገዱ ደረጃ 100፣ 70 ወይም 60 መሄድ ይችል ነበር፤ ከባዱ 70፣ 50 ወይም 40። እንግዲህ በዚያ ደንብ መሠረት ሲኖትራክ ካኮን ሲያቋርጥ ከ30 ማለፍ አልነበረበትም። ይህን ብዙ ሾፌር ያውቅ ነበር ብዬ አላምንም፤ የሚያውቀውም ያከብር የነበረ አይመስለኝም። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ስም የወጣው ከሐዘን ቤት ነው።

ደንቡ ላይ ሁለት ክፍተት ይታየኛል። አንደኛው «የከተማ ክልል» የት እንደሚጀምር ነው። ለአዋሳና ለአዳማ መልሱ ቀላል ነው። ካኮን ለመሰለች ከተማ ግን ሾፌሩ ከተማ መግባቱን የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ቆርቆሮ ቤቶች ሲያይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍየሉ አስፋልት ላይ ወጥቷል። ሁለተኛው የአነስተኛ መኪናው 60 ነው። ገበያ መሐል 60 ብዙ ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ቢያንስ ይህችን አንድ ሰከንድ ያቃጥላል። በ30 ከሆነ በዚያችው ሰከንድ የሚሄደው 8 ሜትር ያህል ነው። ግጭቱ ከተፈጠረም የሚያርፈው ጉልበት የአራት እጥፍ ልዩነት አለው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በአራት በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል።

ለብስክሌተኛው ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው። ከኋላው ምን እንደሚመጣ አያይም። ከኋላ ያሰረው ጆንያ ወይም ጀሪካን ፊተኛውን ጎማ ያቀልለዋል፤ በትንሽ ነገር ይወላገዳል። ጉድጓድ ሲያይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከባድ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ለማምለጥ ወደ ዳር ቢወጣ የአስፋልቱ ጠርዝ ይጠብቀዋል። ዝናብ አፈሩን ከጠረገው በኋላ ጠርዙ እንደ ደረጃ ይቀራል፤ ጎማው ከዚያ ከወረደ በኋላ ለመመለስ ሲሞክር ጠርዙ ይይዘዋል፣ መሪው ይታጠፋል፣ ሰውየው ወደ መሐል መንገድ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መኪና በ30 ይሁን በ60 መሆኑ ነው ሕይወቱን የሚወስነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ በመንገድ አደጋ የሞቱት 27,326 እንደሚደርሱ ገምቷል፤ በዚያ ዓመት በይፋ የተመዘገበው 4,352 ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ከዋና ከተማ ርቀው የሞቱ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ መንገድ ላይ ያለፉ፣ ፖሊስ ሳይመጣ የተቀበሩ፣ ጉዳያቸው በሽማግሌ ዕርቅ ያለቀ ናቸው። ስለዚህ በገጠር መንገድ ላይ አደጋው ትንሽ ነው የሚል ሁሉ መዝገቡን እንጂ መንገዱን አላየም።

አዲስ አበባ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ሞክራለች። በለገሃርና በሰባተኛ መጋጠሚያዎች ላይ በቀለምና በምሰሶ ብቻ የመኪናውን መዞሪያ አጥብቦ ለእግረኛው ቦታ መስጠት እንደሚቻል ታይቷል፤ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ማድረግ ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የብስክሌት መስመርን በዋና ጎዳናዎች ላይ አስገባ፤ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን ተከትሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለአየሩ መልካም ነው። ድምፅ ስለሌለው ግን ጆሮውን ለሚያምን እግረኛና ብስክሌተኛ አዲስ ስጋት ይዞ መጥቷል።

ይህ ሁሉ በከተማ ነው። ደቡብ ኦሞ ያለችበት ሁኔታ ሌላ ነው። የቀድሞዋ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ለረጅም ዘመን ከመንገድ የተገለለች ነበረች፤ ጂንካን ከዓለም ያገናኛት ከመኪናው ይልቅ በከተማዋ መሐል የነበረችው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች ማለት ይቻላል። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ደረሰ። ከኮንሶ የሚመጣው መንገድ ጠጠር ሆነ፣ ከዚያም አስፋልት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ከባድ መኪኖችን አመጣ። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካ ከክልሉ የአስተዳደር ማዕከላት አንዷ ሆነች፤ የመኪናውም ምልልስ ጨመረ። ሌላው ዓለም በመቶ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የተለማመደውን ፍጥነት እዚህ ያለ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲለምደው ተጠየቀ። የ70 ዓመት ሽማግሌ መንገድ ሲያቋርጥ የሚገምተው የከብትን ፍጥነት ነው። ይህ የሱ ጥፋት አይደለም፤ «ሕዝቡ መንገድ አጠቃቀም አያውቅም» የሚለው ዘወትር የሚሰማ ወቀሳም ፍርደ ገምድል ነው። አስፋልቱ በሰው መሄጃ ላይ ነው የተነጠፈው።

በአውራ ጎዳናዎቻችን ዲዛይን ላይ መንገድ ወደ ከተማ ሲገባ እንዲሰፋ ይደረጋል። ሐሳቡ ለእግረኛና ለሚቆም መኪና ቦታ ለመስጠት ነው። በተግባር ግን ሾፌር ሰፊ መንገድ ሲያገኝ ነዳጅ ይረግጣል፤ መቀነስ ያለበት ቦታ ላይ ይፈጥናል። ምልክት ብቻውን እግርን ከነዳጅ ላይ አያነሳም። በብዙ ከተሞች ልጅ ከተገጨ በኋላ ነዋሪው ራሱ አፈርና ድንጋይ ቆልሎ ጉብታ ይሠራል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ቀለም የሌለው፣ ከሩቅ የማይታይ ጉብታ በሌሊት ሞተረኛውንና ብስክሌተኛውን ይጥላል። በሥርዓት የተሠራ ጉብታ ከርቀት ይታያል፣ ምልክት ይቀድመዋል፣ በሁለቱም ጫፍ ብስክሌት የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ሰፊው ቦታም በድንጋይ ጠርዝ ተለይቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ከተሰጠ የመኪናው መስመር ይጠባል፤ ሲጠብ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ድንጋዩም ጉልበቱም እዚያው አካባቢ ያለ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ሰው የትኛውም የጤና ተቋም ሲደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል። ወጪውን የሚሸፍነው መድኑ ነው። ይህን የሚያውቅ የገጠር ቤተሰብ ስንት ነው? ገንዘብ የለንም ብሎ ቁስለኛውን ወደ ቤቱ የሚመልስ አባት እንዳይኖር፣ በየገበያው፣ በአሪኛም በበናም ቋንቋ ሊነገር ይገባል።

ለዞኑ አስተዳደር፣ ለመንገዶች አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ የማቀርበው ጥያቄ ጠባብና የሚቻል ነው። በካኮ፣ በቀይ አፈርና በአልዱባ ከተሞች መግቢያና መውጫ ላይ፣ የመጀመሪያው ቤት ከመድረሱ ቢያንስ 200 ሜትር አስቀድሞ፣ ለማንኛውም መኪና 30 የሚል ምልክት ይተከል። በሚቀጥለው የጥገና በጀት የአስፋልቱ ጠርዝ ይሞላ፤ ጉብታው በሥርዓት ይሠራ፤ ለብስክሌትና ለእግረኛ የሚሆን ዳር ይለይ። በገበያ ቀን አንድ ትራፊክ ፖሊስ ጠዋትና ማታ ይቁም። ሾፌሮች ሆይ፣ ካኮን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ30 ብታልፏት የምታጡት ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።